በአባቴ ሞተር ላይ የሰለልኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ቦሌ በምሠራበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ፣ ምግብ የሚያደርስ አንድ ሞተረኛ አብሮኝ ገባ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። የለበሰው የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የእርጥብ ፕላስቲክ፣ የቤንዚንና የጭቃ ሽታ ሊፍቱን ሞላው። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ሽቶዋ እንዳይበላሽባት ይመስል ወደ ጥግ ሸሸች። የእኔ ዓይን ግን በቀጥታ ጫማው ላይ አረፈ። ጭቃው ቀይ ነው። «ከየካ ተራራ በኩል ነው የመጣኸው?» አልኩት ሳላስበው። ሰውዬው ደነገጠ። «በምን አወቅሽ?» አለኝ፤ አስተያየቱ ደግሞ «ማን ላከሽ?» የሚል ነው። ምን ልበለው? የሰው ጫማ አይቶ የመጣበትን መንገድ መናገር የተማርኩት በአሥር ዓመቴ ነው። አስተማሪዬ እናቴ ናት፤ መማሪያዬ ደግሞ የአባቴ ቦት ጫማ።

ያን ክረምት ገርጂ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። መገናኛ ለባቡሩ ተቆፍሮ ከተማው ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ታክሲ ጠብቆ የትም በሰዓቱ መድረስ አይታሰብም፤ ሞተር ያለው ሰው ብቻ ነበር እንደልቡ የሚሄደው። አባቴ ሞተር ነበረው። ታዲያ ከሰው ሁሉ የሚዘገየው እሱ ነበር። የቤታችን ነገር የተበላሸውም ከዚህ ነው።

አባቴ ደመቀ የወፍጮ መካኒክ ነው። ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ጥግ ላይ ትንሽ መሥሪያ ቦታ ነበረችው፤ አብዛኛው ሥራው ግን ከከተማ ውጭ፣ ከተራራው ጀርባ ባሉት መንደሮች ነው። ወፍጮ ሲበላሽ ባለቤቱ ይደውልለታል። እሱ ቺንጋውንና ኩሽኔታውን በኬሻ ጠቅልሎ ከኋላ ያስርና በኮተቤ፣ በካራ አድርጎ ይወጣል። ወፍጮ ከቆመ መንደሩ ሊጥ አያቦካም፤ ስለዚህ መካኒክ እንደ ሐኪም ነው የሚጠበቀው።

ችግሩ፣ ባለ ወፍጮዎቹ የእናቴንም ስልክ ያውቃሉ። አባቴ ተራራው ላይ ሲሆን ስልኩ አይሠራም። ሲደወልለት የምታነሳው «አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለው ሴትዮ ናት። እኔ መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ አባቴ የሄደበት ቤት የምትኖር ሰው ትመስለኝ ነበር። ድምፅዋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ሁልጊዜ ኩሩ ነው፤ አባቴን አምጪው ስትባል እንኳ ግድ አይሰጣትም። እንዴት እንደምጠላት!

«እትዬ ምህረት፣» ይላሉ ኦቦ ጉታ፣ ከሁሉም ባለ ወፍጮ ይልቅ እሳቸው ናቸው የሚደውሉት፤ «መካኒኩ ምነው ቀረ? ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ደጄ ላይ ተሰልፈዋል። እኔን ሊበሉኝ ነው።»

«እንዴ! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እኮ ነው የወጣው!»

«እዚህስ የለም።»

ማታ አባቴ ሲገባ ምክንያት ይዞ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ጎማ ተነፈሰብኝ፣ አንድ ቀን ካንዴላው ረጠበብኝ። እናቴ ቦት ጫማውን በር ላይ ተቀብላ ትገለባብጠዋለች። የተራራው ጭቃ ቀይ ነው፤ ከተራራው ወዲያ ያለው የእርሻ መሬት ደግሞ ጥቁር መረሬ። ሁለቱም ካለ ደርሷል። ከጭቃው ይልቅ ያሳበዳት ግን ሌላ ነገር ነው። የሱሪው ጫፍ ላይ አመድ ነበር። የከሰል አመድ። «ሞተር ላይ የዋለ ሰው አመድ ከየት ያመጣል?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አመድ ያለው ሰው ቤት ነው፣ ሶስና። ቁጭ ተብሎ ነው አመድ የሚነካው።»

እናቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ክረምቱን ቤት ነው የምትውለው፤ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ያስባል። የሚያሳስብ ጎረቤት ካገኘማ አለቀለት። እትዬ አስካለ፣ አከራያችን፣ ጠዋት ጠዋት ሽንኩርት ሊበደሩ ይመጡና እስከ ምሳ ይቀመጣሉ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ምህረት ልጄ» ይሏታል። «የእኔ ባል ሹፌር ነበር። ጎማ ተነፈሰ ይለኛል፣ እኔ ቂሏ አዝንለታለሁ። ያቺ ጎማ ዛሬ ደብረ ዘይት ሁለት ልጅ ወልዳ ትኖራለች።»

እናቴ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን አፏ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበሩም። እናቴ ከጴንጤ ቤተሰብ ናት፤ አባቴ የመንዝ ሰው ነው፣ ጌታን የተቀበለው እሷን ሲወድ ነው። ጉባኤ ፊት ቆሞ «የድሮውን ሁሉ ጥያለሁ» ብሎ ሲመሰክር ሰው ሁሉ እንዳጨበጨበለት እናቴ ስታወራ ፊቷ ይበራል። እኔም ያን ታሪክ እያስደጋገምኩ ነው ያደግኩት። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ዓመት ግን አንድ ነገር ሆነ። ወንድም ይመጣልሻል ተብዬ ስጠብቅ አንድ ቀን እናቴ ሐኪም ቤት አደረች፤ ወንድሜም ሳይመጣ ቀረ። «ጌታ ጋ ሄደ» አሉኝ። መቼ እንደሚመለስ ጠየቅኩ፣ ማንም አልመለሰልኝም፤ እኔም እናቴን ሊጠይቁ ከመጡት አንዷ የደበቀችው መስሎኝ የሴቶቹን ቦርሳ ሁሉ በዓይኔ ስበረብር ሰነበትኩ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ወሬ አለቀ። አባቴ መዘግየት የጀመረውም ያኔ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴ፣ «ሶስና ቤት መዋል ሰለቻት፤ ይዘሃት ሂድ» አለችው።

«በዚህ ጭቃ?»

«ምነው? ልጅህ እንድታየው የማትፈልገው ነገር አለ?»

አባቴ ትከሻውን ሰብቆ ኬሻውን ማሰር ጀመረ። እናቴ ሹራቤን እየቆለፈች ጆሮዬ ሥር፣ «ዓይንሽን ክፈቺ። የቆመበትን፣ ያናገረውን፣ የቀመሰውን ሁሉ» አለችኝ። በነጠላዋም ከአባቴ ወገብ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችኝ። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ቀን በፊት እንኳን ስለላ፣ ሱቅ ተልኬም በትክክል ተመልሼ አላውቅም።

መገናኛን በጭቃው መሃል ሾልከን፣ ኮተቤን፣ ካራን አለፍን። ከዚያ አባቴ አስፋልቱን ለቆ ወደ ተራራው የሚወጣውን ኮረኮንች ያዘ። ብርዱ ጉልበት ይቆረጥማል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ጉም ተኝቷል፤ ሞተሩ ዳገቱን ሲወጣ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል። አንድ ጥምዝ ላይ ስንደርስ አባቴ፣ «ያዢኝ፣ እንዳትጮኺ» አለኝ።

ፊት ለፊታችን ጅብ ነበር። የመንገዱን መሃል ይዞ፣ ሌሊቱን የትም ሲበላ አድሮ ወደ ዋሻው የሚመለስ፣ ሆዱ የሞላ ጅብ። አይቸኩልም። አባቴ ክላክስ ነፋለት። ጅቡ ዞር ብሎ ገላመጠንና እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር መንገዱን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ አሳልፈን እንጂ! ሥራ አለብን!» አለው አባቴ እየሳቀ። ማርሽ ቀየረና በጎኑ ሾልኮ አለፈው። እግሬን ብዘረጋ ጀርባውን እነካው ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ አባቴ ጀርባ ላይ ተለጠፍኩ፤ እሱ ግን ያፏጫል። ትንሽ ወጣ እንዳልን ደግሞ ሞተሩን አቁሞ ዛፍ ላይ የተቀመጡ ጉሬዛዎች አሳየኝ፤ ነጭ ጭራቸው እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥሏል። ደስ ሊለኝ ሲል ሥራ ላይ መሆኔ ትዝ አለኝና ፊቴን ኮስተር አደረግኩ።

ኦቦ ጉታ ወፍጮ በሰዓቱ ደረስን። አባቴ ኩሽኔታውን ቀየረ፣ ሴቶቹ እልል አሉለት፣ ተመለስን።

«ምን አየሽ?» አለችኝ እናቴ፣ ገና ነጠላው ሳይፈታ።

«ጅብ።»

«ሌላስ?»

«ጉሬዛ።»

«ሰው እንጂ፣ ሰው!»

ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ ለሹመት የሚያበቃኝ መስሎኝ እሱን አወጣሁት። «አባዬ ሲነዳ ጭንቅላቱ አያርፍም። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦውን ነው የሚያየው። የሆነ ሰው የሚፈልግ ይመስላል።»

እናቴና እትዬ አስካለ ተያዩ። «ልጅ ይዞ ወደዚያ ይሄዳል እንዴ? ሞኝ አይደለም» አሉ እትዬ አስካለ። «ድገሚው። ሁለተኛ ቀን ይዘናጋል።» አያችሁ፣ ምንም አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ሆነበት። እኔም አመንኩ። እንዲያውም ፉጨቱ ራሱ አጠራጠረኝ። ጅብ እያየ የሚያፏጭ ሰው ምን ቢደብቅ ነው?

ሁለተኛው ጊዜ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ የወጣበት ጠዋት ነው። ጉርድ ሾላ ላይ ቤንዚን ሞላ፤ ታንኩ ከአፉ እስኪፈስ ድረስ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ከካራ ወጥተን ዳገቱን አጋመስን። እዚያ ላይ ከቀኝ በኩል ካለው ቁጥቋጦ አንዲት ሚዳቋ ብቅ አለች። ከግልገል ብዙ አትበልጥም። እግሯ ቀጫጭን፣ አፍንጫዋ እርጥብ። ቆም ብላ አየችን፣ ጆሮዋን አንዴ አርገበገበችና ቱር ብላ መንገዱን ተሻግራ ወደ ግራ ገባች። ይኸው ነው፣ በቃ። «ውይ ስታምር!» ብዬ ሳልጨርስ አባቴ ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። ጀርባው ላይ እንደተለጠፍኩ ስለነበርኩ የልቡን ምት በጆሮዬ ሰማሁት። ይደልቃል።

«አባዬ፣ ምነው?»

«ቤንዚን ልጨምር።»

ቤንዚን! ያንን ሁሉ ሞልቶ! ቃል ሳይጨምር ሞተሩን አዞረና ቁልቁል ተመለሰ። እኔ ከኋላ ሆኜ ነገሩን አመላለስኩት። ጅብ ያልመለሰውን ሰው ምን መለሰው? ሚዳቋዋ ትሆናለች የሚለው ለአፍታ እንኳ አልመጣልኝም፤ ትልቅ ሰው ከሚዳቋ አይሸሽም። ከፊት ሰው አይቷል፣ የተደበቀ ሰው አለ፤ ወይም ሰበብ ፈልጎ ነበር፣ አገኘ።

ካራ ዳር ያለች የሸራ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። ዘነቡ የምትባል ሴት ናት ባለቤቷ፤ ከእናቴ ታንሳለች፣ ሕፃን ልጅ አዝላለች።

«ዛሬም?» አለችው።

«ዛሬም» አላት።

ያቺን «ዛሬም» አንገቷን ይዤ ቋጠርኳት። ሴትዮዋ ምን ትጠጣለህ እንኳ ሳትለው ዝንጅብል ያለው ሻይ ቀዳችለት፤ በርጩማውን ራሷ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስጠጋችለት። እሱም ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀመጠ። የሱሪው ጫፍ አመዱ ላይ ዋለ። አመዱ! 

«ልጅህ ናት? ውይ፣ እንደነገርከኝ ናት!» አለች ዘነቡ ጉንጬን እየነካች። ነግሯታል ማለት ነው! ጉንጬን ጠረግኩ። የታዘለችውን ሕፃን አየኋት። ጆሮዋ ገንጠል ያለ፣ ትልቅ ነው። የአባቴም ጆሮ ገንጠል ያለ፣ ትልቅ ነው። በቃ፣ ጉዳዩን ዘጋሁት።

አባቴ አልሳቀም፣ አላወራም። አንገቱን ደፍቶ ብርጭቆውን ያዟዙራል፤ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ፀሐይዋን ያያል። ሰው ወዳጁ ቤት እንዲህ አዝኖ ይቀመጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ተነሳ። በዙሪያ መንገድ ዞረን ኦቦ ጉታ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ በኦሮምኛም በአማርኛም ልክ ልካችንን ነገሩን።

ማታ ለእናቴ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሻዩን፣ በርጩማውን፣ አመዱን፣ «ዛሬም»ን። እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች።

«ቆንጆ ናት?»

«ጥርሷ ያምራል።»

«ልጅ አላት?»

«አዎ። ጆሮዋ የአባዬ ነው።»

እትዬ አስካለ «ወይ ጉድ!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ስልኳን አንስታ ለወንድሟ ደወለች። አጎቴ ማቴዎስ በቦሌ ለሚ በኩል ነው የሚኖረው፤ የጭነት አይሱዙ አለው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነው። አባቴን ከመጀመሪያውም አምኖት አያውቅም። «ሰኞ መኪናህን ይዘህ ና። እኔና ሶስና አንተ ጋ እንሆናለን» አለችው። የአጎቴ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል፤ «ድሮስ ብዬሽ አልነበረም? ድሮስ ብዬሽ ነበር!»

 እኔ እኮ የፈለግኩት አባቴ እንዲያዝ ነው። ከተያዘ በኋላ ደግሞ ይቅርታ ጠይቆ፣ እናቴ ተቆጥታ፣ ራት እንበላለን ብዬ ነበር። ሰኞ አባቴ የሌለበት ቤት እንደምነቃ ማንም አልነገረኝም። ያን ሌሊት ልብሳችንን ስታጣጥፍ አይቻት አልቅሼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ኦቦ ጉታ እንደገና ደወሉ። አባቴ ኬሻውን ሲያስር እናቴ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን፣ ተረከዝ ያለውን፣ ተጫምታ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«አብሬህ።»

«ምህረት፣ ይሄ ጭቃ ነው፣ ይሄ ተራራ ነው...»

«ሻይ ቤትም አለው አሉ።»

አባቴ አየኝ። እኔ ደግሞ የእትዬ አስካለን ዶሮ አየሁ።

ለሦስት ተጫንን። እኔ ከፊት፣ ታንኩ ላይ፤ እናቴ ከኋላ፣ የአባቴን ጃኬት በሁለት ጣቷ ብቻ ይዛ። ካራ ላይ ሻይ ቤቷ ጋ ስንደርስ አባቴ አልቆመም፤ እጁን አውለብልቦ አለፈ። ዘነቡም አውለበለበች። ዞሬ ለእናቴ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋት። ከንፈሯን ስትነክስ በስፖኪዮው አየሁ። ለካ ሴትዮዋን በዓይኗ አይታ፣ ያየችውን ይዛ ልትሄድ ነው የመጣችው።

ዳገቱን ያዝን። ጉሙ ገና አልተገለጠም። ሦስት ሰው የከበደው ሞተር በአንደኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። ያንኑ ጥምዝ እንዳለፍን ከቀኝ በኩል ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ሚዳቋዋ ናት። የያኔዋ ትሁን ሌላ አላውቅም። ወደ መንገዱ ወጣች፣ ሦስታችንንም አየችን፣ ወደ ግራ ተሻገረች።

ከፊት ስለነበርኩ የአባቴን እጆች ነው ያየሁት። መሪው ላይ ተጨብጠው ነጡ። ሞተሩ ጠፋ።

«ምን ሆንክ?» አለች እናቴ።

አባቴ የግራውን ቁጥቋጦ ያያል።

«ደመቀ! ቤንዚን አለቀ ልትለኝ ነው?»

«እንመለስ» አለ።

«ለምን?»

«ሚዳቋዋ።»

«ምን ሆነች ሚዳቋዋ?»

«ከቀኝ ወደ ግራ ተሻገረችብኝ።»

እናቴ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ። «ሞኝህን ፈልግ! ሴት አስቀምጠህ፣ ልጅ ወልደህ፣ ሚዳቋ ትለኛለህ?»

«ምን ልጅ?» አለ አባቴ። ከልቡ ነው የጠየቃት። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ የሞተሩን መሪ እያየ መናገር ጀመረ። «አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበር፣ ታውቂያለሽ። ሚዳቋ ከግራ ወደ ቀኝ ከተሻገረች ገዱ ቀንቷል፣ መንገዱ የሰላም ነው ይላል። ከቀኝ ወደ ግራ ከሆነ ግን በቅሎዎቹን ሁሉ ጭኖ ቢሆንም እንኳ ይመለሳል። ፀሐይ እስክትዞር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያን ያላደረገ ሰው ቤቱ ላይ መከራ ይገባል ይላል።»

«ይሄንን እኮ ነው የጣልከው! ጉባኤ ፊት ቆመህ! አጨብጭበንልህ!»

«ጥዬው ነበር። እውነቴን ነው፣ ጥዬው ነበር።»

«ታዲያ?»

«አምና፣» አለ አባቴ፤ «አምና ያን ቀን፣ እዚሁ ዳገት ላይ ተሻገረችብኝ። ሳቅኩባት። ጌታ ነፃ አውጥቶኛል ብዬ እያፏጨሁ አለፍኩ። ማታ ስገባ አንቺ ሐኪም ቤት ነሽ። ልጁ የለም።»

ባሕር ዛፉ ጠል ያንጠባጥባል። 

«ከዚያ ወዲህ ባየኋት ቁጥር እመለሳለሁ። ዘነቡ ቤት ቁጭ ብዬ ፀሐይዋን እጠብቃለሁ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ልጃችንን በእልኬ የገደልኩት እኔ ነኝ ልበልሽ?»

እናቴ ወረደች። ተረከዟ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። እየተጎተተች ሄዳ ሚዳቋዋ የተሻገረችበት ቦታ ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘረጋችና በሙሉ ድምፅዋ መጸለይ ጀመረች። «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም ይሄ ፍርሃት ይሰበር!» ተራራው መልሶ ያስተጋባል። ሚዳቋዋ ለካ ገና ግራ ቁጥቋጦው ውስጥ ሆና ታያት ነበር፤ እንዲህ ያለ ጩኸት በዕድሜዋ ሰምታ የማታውቅ ይመስለኛል፣ ቁልቁል ፈረጠጠች። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

እናቴ ዞረች። «አሁንስ?»

አባቴ ሞተሩን ሊያስነሳ ሞከረ። እግሩን ማስነሻው ላይ አድርጎ መልሶ አወረደው። «አልችልም» አለ። እንባው ታንኩ ላይ፣ እጄ ላይ ወረደ። «ለብቻዬ ብሆን ይሁን። እናንተን ጭኜ አልችልም፣ ምህረት።»

ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እምነት የለሽ ትለዋለች፣ ሰኞን ትነግረዋለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጭቃዋን እየጎተተች ተመለሰች፣ ወጣች፣ ሁለት እጇን በወገቡ ዙሪያ አዞረች።

«እሺ» አለች። «ተመለስ። ሻይህን ጠጥተን እንሄዳለን።»

ዘነቡ ቤት ስንደርስ ደጃፉ ላይ አንድ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ሕፃኗን ያጫውታል። ባሏ ነው፤ ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ መግባቱ ነው። ጆሮው! የአባቴ ጆሮ አጠገቡ ቢቀርብ ያፍር ነበር። እናቴ የሰውዬውን ጆሮ አየች፣ የሕፃኗን ጆሮ አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ወደ መሬት ተመለከትኩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አለች ዘነቡ። «ሰውየሽ ዛሬስ ሰው ይዞልኝ መጣ። ሁልጊዜ ለብቻው ተቀምጦ አንጀቴን ይበላዋል።»

እናቴ በርጩማዋን ከምድጃው አስጠግታ ተቀመጠች። ሻይዋን አልነካችም። «ጀሪካን» አለች።

«ምን?» አለ አባቴ።

«ያን ቀን ውሃ ጠፍቶ ነበር። ደመቀ እስኪመጣ ጠብቂ፣ አታንሺ ብለውኝ ነበር እትዬ አስካለ። አልሰማሁም። ሙሉውን ጀሪካን ተሸክሜ ገባሁ። ሐኪሙ ከእሱ አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም አለኝ። አላመንኩትም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትጠላኛለህ ብዬ ነዋ! ባመሸህ ቁጥር፣ አወቀብኝ፣ ልጄን አጠፋችው ብሎ ነው የሚሸሸኝ እላለሁ። ከዚያ ሌላ ሴት አለችው ማለት ይሻለኛል። ይቀለኛል።»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና እጇን ያዘ፤ ሰው ፊት፣ ዘነቡ ፊት፣ ባሏ ፊት። እጇን ይዞ አይቼው አላውቅም ነበር። «የማንም ጥፋት አይደለም አለ ሐኪሙ?» አላት።

«አለ።»

«አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘሽ?»

«አንተስ? አንድ ዓመት ሙሉ ሚዳቋ ይዘህ?»

ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። ዘነቡ ወደ ምድጃዋ ዞራ ያልጠፋ ከሰል አራገበች። እኔ ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ ምን እንደሚደረግ ስለማላውቅ የእናቴን ሻይ ጠጣሁት።

ያኔ የእናቴ ስልክ ጮኸ። አጎቴ ማቴዎስ ነው። ድምፁ እንደ ልማዱ ሻይ ቤቱን ሞላው።

«ለሰኞ ሁለት ተሸካሚ አግኝቻለሁ። በስንት ሰዓት ልምጣ?»

እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። አባቴ ሰኞ ምን እንዳለ አሁን ገና ገባው፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«አትምጣ» አለች።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«መንገድ ስንጀምር ሚዳቋ ተሻገረችብን።»

«ምን? ምህረት? አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይው?»

«ከቀኝ ወደ ግራ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።